ችካልና ንድፍ፤ ወደ አሜሪካ በተሰደዱት የስኮትላንድ ጎልፍ ሜዳ ቀያሾች ላይ ስለ ተሰጠው ፍርድ

ስለ ጎልፍ ሜዳ አሠራር ታሪክ የጻፉ ሰዎች፣ ከስኮትላንድ ወደ አሜሪካ ተሰደው በዚህ ሥራ ከተሰማሩት መካከል ሁለቱን አብዝተው ያነሣሉ። አንደኛው ቶም ቤንደሎው፣ ሁለተኛው ዶናልድ ሮስ ነው። የሚያነሡአቸው ግን በእኩል ሚዛን አይደለም። ሮስ የትውልድ አገሩን የባሕር ዳር ሜዳ በልቡ ይዞ ተሻግሮ በአሜሪካ መሬት ላይ እንደገና ያስነሣ ጥበበኛ ተብሎ ይመሰገናል። ቤንደሎው ግን ባንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ 18 ችካል ተክሎ፣ ዋጋውን ተቀብሎ የሚሄድ ጥድፈኛ ተብሎ ይነቀፋል። ይህ የ18 ችካል አነጋገር ከመደጋገሙ የተነሣ፣ ዘግይቶ ለወጣ አንድ የሙያው ታሪክ መጽሐፍ ርእስ እስከ መሆን ደርሷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ የቆመበትን መሠረት መመርመር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ፍርዱ ነገሩን ገልብጦታል። የስኮትላንድን ልማድ እንዳለ ይዞ የተሻገረው የተነቀፈው ሰው ነው፤ የተመሰገነው ሰው ደግሞ ለምስጋና የበቃውን ሥራ የሠራው የአገሩን ልማድ ትቶ ነው።

ጎልፍ ለብዙዎቻችን እንግዳ ጨዋታ ስለ ሆነ ጥቂት መግለጫ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ትንሽ ጠንካራ ኳስ ከመነሻ ቦታ በዱላ እየመታ በመቶ በሚቆጠር ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ትንሽ ጉድጓድ ያስገባል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ አሸናፊ ይሆናል። በጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ አጥሮ የተስተካከለው ቦታ ግሪን ይባላል። እንዲህ ያለው መነሻና መድረሻ 18 ጊዜ ሲደጋገም አንድ ሙሉ ሜዳ ይሆናል። ሜዳው እንደ እግር ኳስ ሜዳ ልኩ የተወሰነ አይደለም፤ የአንዱ አገር ሜዳ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ መነሻው ከየት፣ መድረሻው ወዴት ይሁን፣ በመካከል ያለው ዛፍና ጅረት የአሸዋውም ጉድጓድ እንዴት ይሁን ብሎ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሰው ከዚህ በኋላ ቀያሽ ብዬ እጠራዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በስኮትላንድ ጨዋታው ያደገው ሊንክስ በሚባለው መሬት ላይ ነው። ሊንክስ ማለት በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለ፣ ለእህል የማይረባ፣ አሸዋ የበዛበት ጠባብ መሬት ነው። አሸዋው ውሃ ስለማያቁር በክረምትም ጭቃ አይሆንም። ነፋሱ ኮረብታና ሸለቆ አድርጎ አበጅቶታል፤ ሣሩን በጎች ይግጡታል፤ በጎቹ ከነፋስ ሲሸሹ የተጠለሉበት ቦታ እየተቦረቦረ የአሸዋ ጉድጓድ ይሆናል። እንዲህ ባለው መሬት ላይ የቀያሹ ሥራ መፍጠር ሳይሆን መምረጥ ነበር። በሴንት አንድሩስ የነበረው ሽማግሌው ቶም ሞሪስ በዘመኑ ሜዳ ቅየሳ ሲጠራ ይሄዳል፤ መሬቱን እየተዘዋወረ ያያል፤ መነሻና መድረሻ የሚሆነውን በችካል ያመለክታል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለዚህ የሚቀበለው ዋጋ በቀን አንድ ፓውንድና የመንገዱ ወጪ እንደ ነበረ በየታሪኩ ተጽፎ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ቶም ሞሪስን ጥድፈኛ ብሎ የነቀፈው ሰው አላጋጠመኝም። የቀረውን ሥራ ነፋሱና በጎቹ አስቀድመው ሠርተውት ነበርና።

እንግዲህ ችካሉ የስኮትላንድ ነው። ዶናልድ ሮስ የተወለደባት የዶርኖክ ከተማ ሜዳ ራሷ በ1880ዎቹ ዓመታት በዚሁ በቶም ሞሪስ የተቀየሰች ናት። ሮስ በልቡ ይዟት ተሻገረ የምትባለው ሜዳ የችካል ሥራ መሆንዋን አመስጋኞቹ ብዙ ጊዜ አያስታውሱም።

ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰዎች ያገኙት መሬት ሌላ ነበር። ከዳንፈርምሊን የመጣው ጆን ሪድ ከወዳጆቹ ጋር በ1888 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አቅራቢያ በዮንከርስ ከተማ ጨዋታውን ሲጀምር ሜዳው የላም ግጦሽ ነበር፤ ጉድጓዶቹም ሦስት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በአገሩ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሜዳዎች ተከፈቱ። መሬቱ ሸክላና ድንጋይ፣ ዛፍና ረግረግ ነው። ባለ መሬቶቹ አብዛኞቹ ጎልፍ ሲጫወቱ አይተው አያውቁም። ሣር እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ሠራተኛ የለም። በዚህ ጊዜ አነጋገሩ ስኮትላንዳዊ የሆነ ሰው ሁሉ እንደ ሊቅ ይቆጠር ጀመር። አናጢው፣ ዱላ ጠራቢው፣ የተጫዋች ዱላ ተሸካሚ የነበረው ልጅ ሁሉ ከመርከብ ወርዶ አስተማሪም፣ ሣር ጠባቂም፣ ቀያሽም ሆነ። ቀያሽ የሚባል ራሱን የቻለ ሙያ በአገራቸው ገና ያልቆመ ነበር፤ እዚያ የፈጠረው ችግሩ ነው።

የስኮትላንዳዊው ስም ምን ያህል ጉልበት እንደ ነበረው የሺኔኮክ ሂልስ ታሪክ ያሳያል። በሎንግ አይላንድ የሚገኘው ይህ ክለብ በ1891 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ሜዳ የቀየሰው የመስልበራ ተወላጅ የሆነው ዊሊ ደን ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲጻፍ ኖሯል። የወሬው ምንጭ በአብዛኛው ደን ራሱ ነው። በኋላ የክለቡ መዛግብትና የመሥራቾቹ ጽሑፍ ሲመረመር ግን የመጀመሪያዎቹን 12 ጉድጓዶች የቀየሰው ዊሊ ዴቪስ እንደ ሆነ ታወቀ። ዴቪስ ከሞንትሪያል የተጠራ ሲሆን የተወለደውም በእንግሊዝ አገር በሆይሌክ ነው። ደን የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ሜዳውንም ወደ 18 ከፍ ያደረገው እሱ ነው። ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያ መባል ስለሚያስከብር የሌላውን ድርሻ ጨመረበት። የታሪክ ጸሐፊዎቹም ስኮትላንዳዊ ስም ስላገኙ ወደ ኋላ ሄደው ለመጠየቅ አልደከሙም።

በዚያው ሜዳ ላይ ሌላም የተዘለለ ስም አለ። መሬቱን የመነጠሩትና አፈሩን የዛቁት በአቅራቢያው ከሚኖረው ከሺኔኮክ ሕዝብ የተቀጠሩ ሠራተኞች ናቸው። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካ ኦፕን ሻምፒዮና በዚህ ሜዳ ሲደረግ ከሺኔኮክ ሕዝብ የሆነው ኦስካር በንና የጥቁር አሜሪካዊ ልጅ የሆነው ጆን ሺፐን ለመወዳደር ተመዘገቡ። ሌሎቹ ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከብሪታንያ የመጡ ስደተኞች፣ እነዚህ ከተሳተፉ እኛ አንጫወትም ብለው አስፈራሩ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሃቭማየር ግን ዛቻውን ስላልተቀበለው ውድድሩ ተካሄደ፤ ያሸነፈውም የሴንት አንድሩሱ ጄምስ ፉሊስ ነው። በራሱ አገር በክለቡ ዋና በር እንዳይገባ የተከለከለ የእጅ ሥራ ሰው፣ በተሰደደበት አገር ከእርሱ በታች ያገኘውን ሰው ለመከልከል እንዴት እንደ ፈጠነ ልብ ማለት ይገባል። ስለ ስደተኞቹ የሚጻፈው ምስጋና ይህን ሲዘልል ሙሉ ሥዕል አይሰጥም።

አሁን ወደ ቤንደሎው እንመለስ። በ1868 ዓ.ም. በአበርዲን ተወለደ፤ በ1892 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ሙያው የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚነት ስለ ነበር በኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ተቀጠረ። (ፊደል ለቃሚ ስለ ነበረ ጉድጓዶቹንም እንደ ፊደል በረድፍ ደረደረ የሚል ጨዋታ አዋቂ ጸሐፊ አይጠፋም፤ ቀልዱ ያስቃል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።) ጨዋታውን ማስተማር ከጀመረ በኋላ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ የሆነው ስፖልዲንግ የተባለው ኩባንያ ወሰደው። የኩባንያው ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ሜዳ በበዛ ቁጥር ኳስና ዱላ የሚገዛ ሰው ይበዛል። ስለዚህ ቤንደሎው በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ መሬት እያየ ይቀይስ ነበር፤ ዋጋውም 25 ዶላር ያህል ነበር ይባላል። በሕይወቱ ዘመን የቀየሳቸው ሜዳዎች ከ600 በላይ እንደ ሆኑ ይነገራል።

ነቃፊዎቹ እዚህ ላይ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላሉ። ከነዚያ የመጀመሪያ ሜዳዎች ብዙዎቹ ዛሬ እንደሌሉ፣ የነበሩትም ቀጥ ያሉ እንደ አጥር የተጋደሙ የአፈር ግድቦችና አራት ማዕዘን ግሪኖች እንደ ነበሩባቸው እውነት ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ ከሥዕላቸውም እንደምናየው ለዓይን አያምሩም። ነገር ግን የጠፉበት ምክንያት ሁሉ የቀያሹ ችኮላ አይደለም። ከ1898 ዓ.ም. በኋላ የሃስኬል የጎማ ኳስ ወጣ። ከቀድሞው የጉታፐርካ ኳስ ይልቅ ርቆ ስለሚሄድ፣ ለአሮጌው ኳስ ተለክቶ የተሠራው ሜዳ ሁሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ አጠረ። ከተሞችም ሰፍተው መሬቱን ዋጡት። የቀያሹን ሥራ የኳሱ ፋብሪካና የቤት ሻጩ ሲያፈርሱት ዕዳው በቀያሹ ስም ተጻፈ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሥራው ለማን ተሠራ የሚለው ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ክፍል የሚገኘው የቫን ኮርትላንድት ፓርክ ሜዳ በ1895 ዓ.ም. ሲከፈት በአሜሪካ የመጀመሪያው የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ነበር። የክለብ አባልነት አይጠየቅበትም፤ ማንም ሰው ሊጫወትበት ይችላል። በ1899 ዓ.ም. ከ9 ወደ 18 ጉድጓድ አሳድጎ የቀየሰው ቤንደሎው ነው። በዚያም አሠራሩን አደራጀ፤ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ስለ በዛ የመነሻ ሰዓት እየተሰጠ የሚጫወቱበትን ሥርዓት፣ ለጀማሪዎች የሚሰጥ ትምህርትን፣ የዱላ ተሸካሚዎችን ሥልጠና ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ መሆኑ ይነገርለታል። ይህን ሥራ የሚመዝን ሰው የግሪኑን ቅርጽ ብቻ ቢያይ ምን አየ ይባላል? አንድ የጋዜጣ ሠራተኛ በእረፍቱ ቀን ዱላ ይዞ መጫወት መቻሉ የሥራው ክፍል ነው። ሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ይህ ፍርድ ከየት እንደ ተነሣ ስንመረምር በመጀመሪያ የምናገኘው ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድን ነው። ማክዶናልድ ስደተኛ አይደለም፤ በካናዳ ተወልዶ በቺካጎ ያደገ፣ ከ1872 ዓ.ም. ጀምሮ በሴንት አንድሩስ የተማረ ባለጸጋ ነው። ጎልፍ አርክቴክት የሚለውን ስም ወደ አገልግሎት ያመጣው እሱ መሆኑ ይነገራል። በ1911 ዓ.ም. የተመረቀውን ናሽናል ጎልፍ ሊንክስ የተባለውን ሜዳ በሎንግ አይላንድ ሲያሠራ፣ ከኖርዝ ቤሪክ፣ ከፕሬስትዊክና ከሴንት አንድሩስ የተመረጡ ጉድጓዶችን በመለካትና በመሣል አስመጥቶ አምሳያቸውን በመሐንዲሱ በሴት ሬይነር እጅ አስነሣ። ሥራው ትልቅ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በ1928 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉም ከእርሱ በፊት በአሜሪካ የተሠሩትን ሜዳዎች በንቀት ያያቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች የእርሱን ዐረፍተ ነገር እየለዋወጡ ደገሙት።

ማክዶናልድ ለቀየሳቸው ሜዳዎች ዋጋ አልተቀበለም። ጓደኞቹ የባቡር ሐዲድና የባንክ ባለቤቶች ስለ ነበሩ ጊዜ፣ መሬትና ገንዘብ እንደ ልቡ ነበረው። ያ ሰው 25 ዶላር ተቀብሎ በማግስቱ ሌላ ከተማ ለመድረስ ባቡር የሚጠብቀውን ሠራተኛ ሲነቅፍ፣ የሁለት ቀያሾች የጥበብ ልዩነት ብቻ አይደለም የምንሰማው፤ የሁለት ኑሮ ልዩነት ነው። ይህን ለይቶ ያላየ ሂስ የባለጸጋውን ሚዛን የጥበብ ሚዛን አድርጎ ይቀበላል። የእኔ ቅሬታ በማክዶናልድ ላይ ሳይሆን በደጋሚዎቹ ላይ ነው።

በሁለቱ መካከል የቆመው ሰው ዊሊ ፓርክ ነው። አባቱ በ1860 ዓ.ም. የተደረገውን የመጀመሪያውን የብሪታንያ ኦፕን ያሸነፈ ሲሆን፣ ልጁም በ1887 እና በ1889 ዓ.ም. አሸንፏል። በ1896 ዓ.ም. ስለ ጨዋታው መጽሐፍ ጻፈ። በ1901 ዓ.ም. በለንደን አቅራቢያ በተከፈተው በሰኒንግዴል፣ ከባሕር የራቀ መሬት በጥንቃቄ ከተዘጋጀ ጥሩ ሜዳ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ወደ አሜሪካ ለመኖር የተሻገረው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ከሥራዎቹ መካከል በቺካጎ አጠገብ ያለው የኦሊምፒያ ፊልድስ ሰሜናዊ ሜዳ ይጠቀሳል። በ1925 ዓ.ም. ሞተ። ስለ እርሱ ብዙ ማለት በቻልሁ ነበር፤ ለያዝሁት ክርክር የሚያስፈልገው ግን አንድ ነገር ነው። ፓርክ ከባሕር ዳር ወደ ውስጥ ሲገባ ችካሉ እንደማይበቃ አሜሪካን ከመርገጡ በፊት ያወቀ ሰው ነው፤ ያወቀውም መሬቱ ስላስገደደው ነው።

ዶናልድ ሮስ በ1872 ዓ.ም. በዶርኖክ ተወለደ፤ በአናጢነት ሠለጠነ፤ በሴንት አንድሩስም ዱላ መጥረብን ተማረ፤ ከዚያ ወደ ዶርኖክ ተመልሶ አስተማሪና ሣር ጠባቂ ሆነ። በ1899 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር ባደረገለት ጥሪ ወደ ቦስተን መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጄምስ ዎከር ተፍትስ የተባለው ባለሀብት በሰሜን ካሮላይና ወደ መሠረተው የማረፊያ መንደር ወደ ፓይንኸርስት ወሰደው። ቦታው ጥዱ ተቆርጦ የተራቆተ የአሸዋ መሬት ነበር። ለሌላ ሰው የማይረባው አሸዋ ለሮስ የአገሩን አፈር የሚመስል ሆነ፤ በዚህ ረገድ የዶርኖክ ትዝታ እውነትነት አለው። በመላው አሜሪካ 400 ያህል ሜዳዎች በስሙ ይጠራሉ። በ1948 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ መኖሪያው ፓይንኸርስት ነበር።

የምስጋናው ሁሉ ማረፊያ በ1907 ዓ.ም. 18 ጉድጓድ ሆኖ የተከፈተው የፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ ነው። የሚደነቁትም ግሪኖቹ ናቸው። መካከላቸው እንደ ተገለበጠ ሳህን ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በትክክል ያልተመታ ኳስ ጠርዙን ተንሸራትቶ ይወርዳል። ይህን የኤሊ ጀርባ የሚመስል ቅርጽ ሮስ ከዶርኖክ አመጣው የሚለው ቃል በየመጽሐፉና በየማስታወቂያው ይገኛል። ነገር ግን ዓመታቱን እንቁጠር። በፓይንኸርስት ሙቀት ምክንያት ግሪን የሚሆን ሣር መያዝ ስላልተቻለ፣ የቁጥር 2 ግሪኖች እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ ሣር ያልነበራቸው፣ ከአሸዋና ከሸክላ የተደለደሉ ለጥ ያሉ ሜዳዎች ነበሩ። ተጫዋቹ ካለፈ በኋላ አሸዋው ተጠርጎ ይስተካከል ነበር። የሣሩ ግሪን የመጣው በ1936 ዓ.ም. ለተደረገው የፒ ጂ ኤ ሻምፒዮና ሲዘጋጅ ነው። እንግዲህ ሮስ ዶርኖክን ትቶ ከመጣ 36 ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን በቁጥር 2 ላይ የተጫወተ ሰው የኤሊ ጀርባ አላየም።

ከዚህም በላይ ሌላ ጥርጥር አለ። ሣሩን ለመንከባከብ በየጊዜው አሸዋ ይነሰነስበታል። ከሙያው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ዛሬ የምናየው የግሪኖቹ ከፍታ ከፊሉ የዚህ የብዙ ዐሥርተ ዓመታት ንስንስ ክምችት እንደ ሆነ ይከራከራሉ። ሮስ በሌሎች ቦታዎች የሠራቸው ግሪኖች አብዛኞቹ ይህን ያህል ጉብ ያሉ አለመሆናቸው ክርክሩን ያጠነክረዋል። ይህ እውነት ከሆነ የዓለም ሊቃውንት የዶርኖክ ምሥጢር ብለው ያደነቁት ነገር በከፊል የሣር ጠባቂዎች አካፋ ሥራ ነው። ሮስን ይህ አያሳንሰውም፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በዚያ ሜዳ ላይ እየኖረ እያረመ ያሻሻለው ሰው ነውና። የሚያሳንሰው ሁሉን ከአንድ ራስ፣ ያንንም ራስ ከአንዲት ከተማ የሚያወጣውን የሂስ ዓይነት ነው። አፈሩን በበቅሎ በሚጎተት መዛቂያ ያመላለሱት የሰሜን ካሮላይና ጥቁር ሠራተኞችም በዚህ ዓይነቱ ሂስ ቦታ የላቸውም። የሠሩትን ሜዳ እንደ እንግዳ ሆነው ሊጫወቱበት አይፈቀድላቸውም ነበር።

ስለ ሮስ አሠራር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚነገረውን በግልጽ ማንሣት ይሻላል። ከ400 ሜዳዎች ሁሉንም አይቷቸዋል ማለት አይቻልም። ወደ ሲሶ የሚሆኑትን ጨርሶ እንዳላያቸው፣ ሌሎቹንም አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደ ጐበኛቸው ይገመታል። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ የተመለከተበት ካርታ በፖስታ ወደ ፓይንኸርስት ይላክለታል፤ እሱ ከሜዳው አጠገብ ባለው ቤቱ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ንድፍ ከነመመሪያው ያዘጋጃል፤ እንደ ዋልተር ሃችና እንደ ጄ ቢ ማክገቨርን ያሉ ረዳቶቹ በቦታው ሆነው ያሠሩታል። ልብ በሉ፤ ቤንደሎው መሬቱን በእግሩ ረግጦ፣ በዓይኑ አይቶ ችካል ተከለ፤ እሱ ጥድፈኛ ተባለ። ሮስ መሬቱን ሳያይ በወረቀት ላይ ቀየሰ፤ እሱ የመሬትን ጠባይ የሚያውቅ ተባለ። ሁለቱም በባቡርና በፖስታ ዘመን ሰፊ አገርን ለማዳረስ የተገኙ ዘዴዎች ናቸው።

ይህን ስል ንድፉ ከችካሉ አይበልጥም ማለቴ አይደለም። ይበልጣል። ሸክላ በሆነ መሬት ላይ ውሃው የሚሄድበትን፣ አፈሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደለደል፣ ግሪኑ ወዴት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፤ ለዚህ ችካል አይበቃም። ሮስ ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ የሠራው ይህንኑ ነው። በዲትሮይት አጠገብ ያለው ኦክላንድ ሂልስ ወይም በሮቸስተር ያለው ኦክ ሂል ከባሕር ዳር ጋር ምንም የማይገናኝ መሬት ነው፤ ሮስ እዚያ የሠራው ሥራ ከትዝታ ሊመነጭ አይችልም። ከካርታ፣ ከመሐንዲስ፣ ከማፋሰሻ ቦይ፣ ከሣር ዘር ሙከራ የመጣ ነው። ይህ ደግሞ አሜሪካዊ ትምህርት ነው። ሮስን ማመስገን ያለብን ዶርኖክን ስላልረሳ ብቻ ሳይሆን ዶርኖክ የማታስተምረውን ስለ ተማረ ነው።

ቤንደሎውም ቢሆን ጊዜና ገንዘብ ሲያገኝ ምን እንደ ሠራ ማየት ይቻላል። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በቺካጎ ለአሜሪካን ፓርክ ቢልደርስ ኩባንያ ዋና ቀያሽ ሆኖ ሲሠራ፣ እሱም ካርታ ዘርግቶ በንድፍ ይቀይስ ጀመር። ለሜዳይና ክለብ ከሠራቸው ሦስት ሜዳዎች ቁጥር 3 የተባለው በ1928 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1930 ዓ.ም. በተደረገ ውድድር አንድ ተጫዋች በ63 ምት ስለ ጨረሰው ክለቡ ቀለለብን ብሎ እንዲያጠነክረው ጠየቀው፤ እሱም አሻሻለው። ይህ ሜዳ በ1949፣ በ1975 እና በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ ኦፕንን፣ በ2012 ዓ.ም. የራይደር ዋንጫን አስተናግዷል። ከዚያ ወዲህ በሌሎች እጅ እጅግ ተለውጧል፤ ዛሬ ያለው መልክ የቤንደሎው ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ችካል ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር የሚለውን ወሬ ለማፍረስ ይበቃል።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚሻለው ምስክር በአትላንታ ያለው ኢስት ሌክ ነው። ከ1900 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ሜዳውን የቀየሰው ቤንደሎው ነበር፤ በ1913 ዓ.ም. ሮስ እንደገና ሠራው። የታሪክ መጻሕፍት ኢስት ሌክን የሮስ ሥራ ብለው ያልፋሉ። በ1902 ዓ.ም. የተወለደው ቦቢ ጆንስ፣ ያለ ክፍያ ከተጫወቱት ሁሉ በላይ የሆነው ያ ሰው፣ በሕፃንነቱ ቤተሰቡ በሜዳው አጠገብ ሲኖር የካርኑስቲውን ተወላጅ የስቱዋርት ሜይደንን አመታት እየተመለከተ በመቅዳት ጨዋታውን ተማረ። ዓመታቱን ካመሳከርን የመጀመሪያዎቹን የመማሪያ ዓመታት ያሳለፈው ሮስ ሳይመጣ በፊት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ታላቁን ተጫዋች የፈጠረው የቤንደሎው ሜዳ ነው እስከ ማለት አልደፍርም፤ ልጁ በሌላም ሜዳ ይማር ነበር። ግን የማይረባ ተብሎ የተናቀው ሥራ ለዚያ ትምህርት አንሶ አልተገኘም።

ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ የቆዩ ሜዳዎችን ወደ መጀመሪያ መልካቸው የመመለስ ሥራ ተስፋፍቷል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾው በፓይንኸርስት ቁጥር 2 ላይ 35 ኤከር ያህል የመስኖ ሣር አንሥተው አሸዋውንና የዱር ሣሩን መለሱ፤ በድሮ ፎቶግራፎች እየተመሩ ነው የሠሩት። በ2014 ዓ.ም. የወንዶቹና የሴቶቹ የአሜሪካ ኦፕን በተከታታይ ሳምንታት በዚያ ተደረገ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ግን ወደ የትኛው ዓመት ነው የተመለሰው ብለን ብንጠይቅ፣ ግሪኖቹ ሣር ወዳልነበራቸው ወደ 1907 ዓ.ም. እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የሮስ ስም ያለበት ክለብ ስሙን በበሩ ላይ ይጽፋል፤ ስሙ የአባልነትን ዋጋ ከፍ ያደርጋልና። የቤንደሎውን ስም በበሩ ላይ ለመጻፍ የሚሽቀዳደም ክለብ ግን እምብዛም አይሰማም። ከቀየሳቸው ብዙዎቹ የማዘጋጃ ቤት ሜዳዎችና የትንንሽ ከተሞች ክለቦች ስለ ሆኑ ስም የሚሸጥበት በር የላቸውም።

የቫን ኮርትላንድት ሜዳ ዛሬም ክፍት ነው። በመካከሉ አውራ ጎዳናዎች ስለ ተሠሩ አቀያየሱ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ከቤንደሎው ችካሎች ምን ያህሉ በቦታቸው እንዳሉ ለመለየት አሮጌውን ካርታ ከአዲሱ ጋር ማመሳከር ይጠይቃል። ተጫዋቾቹ ከከተማው በምድር ውስጥ ባቡር መጥተው፣ ዱላቸውን ተሸክመው፣ የመነሻ ሰዓታቸውን ይጠብቃሉ።